ከ«አየርላንድ» እስከ አንዲት ጎጥ፦ የልጆቼን የአባት ወገን የዘር ሐረግ በመዝገብ ስለ መፈለግ

እናት ከዶርቸስተር

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቦስተን ከተማ ዶርቸስተር በሚባለው ሰፈር ነው። ባለቤቴ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሲሆን፣ የአባቱ ወገን ግን ከአየርላንድ የመጣ ነው። ሁለቱ ልጆቼ በእኔ በኩል ያለውን የዘር ሐረግ አባቴ በቃል ስላስጠኗቸው እስከ ሰባት ቤት ያለ ስሕተት ይቆጥራሉ። በአባታቸው በኩል ሲቆጥሩ ግን አራተኛው ሰው ላይ ደርሰው ዝም ይላሉ። ባለፈው ፋሲካ ትልቋ ልጄ «የአባቢ ሰዎች ከዚያ በፊት የት ነበሩ?» ብላ ስትጠይቅ ባለቤቴ የሚመልሰው አጣ፤ ይህን ክር የከፈትኩትም ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

በእጃችን ያለው ጥቂት ነው። አማቴ ሲያርፉ በተረከብነው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የባለቤቴ ቅድመ አያት በ1894 ለአሜሪካ ዜግነት ያመለከቱበት ወረቀት አለ። ወረቀቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ የነበራቸውን ታዛዥነት መተዋቸውን ይናገራል፤ የትውልድ ቦታቸውን በሚመለከት ግን «አየርላንድ» ብሎ ያልፋል። በ1900 የተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በ1866 እንደተወለዱና በ1886 እንደገቡ ይገልጻል። በ1931 የተጻፈው የሞት መዝገባቸው የአባታቸውን ስም ዳንኤል፣ የእናታቸውን ስም ሆኖራ ይላል፤ የእናትየውን የአባት ቤት ስምም ጨምሯል። የእርሳቸው ስም ጄረማያ ነው። የቤተሰቡን ስም እዚህ አልጽፍም፤ በኮርክ ካውንቲ እጅግ ከተለመዱት አንዱ ነው። «ከኮርክ መጣን» የሚለውም ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ እንጂ በጽሑፍ የተገኘ አይደለም። የጠቀስኳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመረብ ላይ ስሙን ስፈልግ በኮርክ ብቻ ተመሳሳይ ስም ያላቸው በርካታ ሰዎች መጡልኝ። ከዚያም የአየርላንድ መዛግብት በ1922 ተቃጥለው አልቀዋል የሚል አነበብኩና ተስፋዬ ተሟጠጠ። ከእናንተ መካከል በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ካለ ከየት እንደምጀምር ቢያመለክተኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


መዝገብ አገላባጭ

እህቴ፣ በቤተ መዛግብት ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቻለሁ፤ የአየርላንድ ተወላጆችንም ጥያቄ በብዛት አስተናግጃለሁ። «ሁሉም ተቃጥሏል» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ፍለጋውን ሳይጀምረው እንዲተወው አድርጓል፤ ስለዚህ አስቀድመን የጠፋውንና የቀረውን እንለይ።

ሰኔ 30 ቀን 1922፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ ቀናት፣ በደብሊን ፎር ኮርትስ ቅጥር ግቢ የነበረው የመንግሥት መዛግብት ቤት ጋየ። በዚያ እሳት የ1821፣ የ1831፣ የ1841 እና የ1851 የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ከጥቂት ቁርጥራጮች በስተቀር ወደሙ። ከአየርላንድ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ እንዲሁም የኑዛዜ ዋና ቅጂዎች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ አብረው ጠፉ። የ1861 እና የ1871 ቆጠራዎች ግን የጠፉት በእሳቱ አይደለም፤ ቆጠራው እንደተጠናቀቀ ብዙ ሳይቆይ መንግሥት ራሱ አስወገዳቸው። የ1881 እና የ1891 ቅጾችም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወረቀት ስለጠፋ ተፈጭተው እንደገና ወረቀት ሆኑ። ይህን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል፤ በጦርነት የነደደውስ ነደደ፣ እነዚህን አራት ቆጠራዎች ያጠፋው ግን የቢሮ ውሳኔ ነው።

የእርስዎን ቤተሰብ የሚመለከተው አብዛኛው መዝገብ በዚያ ሕንፃ ውስጥ አልነበረም። የካቶሊክ አጥቢያዎች መዝገቦቻቸውን በየደብራቸው ያስቀምጡ ነበር። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ፣ ማለትም ልደት፣ ሞትና ጋብቻ፣ ለሁሉም ሃይማኖት ተከታይ ከጥር 1 ቀን 1864 ጀምሮ ተካሂዷል፤ ካቶሊክ ላልሆኑ ተጋቢዎች ደግሞ ከሚያዝያ 1845 ጀምሮ። የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ሙሉ በሙሉ አሉ። እነዚህን ሁሉ ከቤትዎ ሆነው ያለ ክፍያ ማየት ይችላሉ። በ2022 ደግሞ፣ ቃጠሎው 100 ዓመት ሲሞላው፣ በትሪኒቲ ኮሌጅ ደብሊን መሪነት የጠፋው መዛግብት ቤት በዲጂታል መልክ እንደገና እንዲቆም ተደርጓል፤ በሌሎች አገሮችና ተቋማት የተገኙ ግልባጮች እዚያ እየተሰበሰቡ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። የአየርላንድ መዝገብ ሰውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በቦታው ነው። አገሩ በ32 ካውንቲዎች ይከፈላል፤ ከካውንቲው በታች ባሮኒ፣ ከዚያ በታች የሲቪል አጥቢያ፣ ከሁሉም በታች ታውንላንድ የሚሉት አለ። ታውንላንድ ማለት በእኛ አነጋገር ጎጥ ነው፤ ጥቂት ጎጆዎች፣ ጥቂት ማሳዎች፣ የራሱ ስምና የራሱ ወሰን ያለው መሬት። ከ60,000 በላይ አሉ። የካቶሊክ አጥቢያው ወሰን ከሲቪል አጥቢያው ጋር አይገጥምም፤ የልደትና የሞት ምዝገባ የሚካሄድበት አውራጃ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፣ ምክንያቱም የተሰመረው በድሆች መጦሪያ ክልሎች ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ «ዳንኤል ከኮርክ» ብሎ መፈለግ በእኛ አገር «ተሰማ ከጎጃም» ብሎ እንደመፈለግ ነው። ጎጧን ካገኙ ግን መዝገቦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ።

ጎጧ የምትገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አየርላንድ ውስጥ አይደለም፤ እዚያው ቦስተን ውስጥ ነው። ጄረማያን ለጊዜው ይተዋቸውና ወንድሞቻቸውን፣ እህቶቻቸውን፣ የጋብቻቸውን ምስክሮች፣ የልጆቻቸውን ክርስትና አባቶችና እናቶች ይፈልጉ። አየርላንዳውያን የተሰደዱት እየተጠራሩ ነው፤ አንዱ መጥቶ የመርከብ ክፍያ ይልካል፣ ቀጣዩ ይመጣል። የማሳቹሴትስ የጋብቻ መዝገብ የሙሽራውንም የሙሽሪትንም ወላጆች ስም ስለሚይዝ፣ ዳንኤልና ሆኖራ የሚሉ ወላጆች ያሏቸውን ሌሎች ሰዎች ይልቀሙ። ከ1831 እስከ 1921 በቦስተን የካቶሊክ ጋዜጣ ላይ የጠፉ ዘመዶችን የሚያፈላልጉ ማስታወቂያዎች ይወጡ ነበር፤ እነዚያም የትውልድ ጎጥን ሳይቀር ይጠቅሳሉ።


የደብሊን ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። በደብሊን ከሠራሁና ከኖርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ እዚህ ከማውቃቸው አረጋውያን የተማርኩትን ስለ ስሞች ብቻ ልጨምር፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነውና።

ጄረማያ የሚለው ስም በኮርክና በኬሪ እጅግ የበዛው ሕዝቡ ነቢዩ ኤርምያስን አብልጦ ስለሚያከብር አይደለም። በአይሪሽኛ ዲርሙድ የሚባለውን ስም በእንግሊዝኛ ሲጽፉት ጄረማያ ስላሉት ነው። ስለዚህ ያው ሰው በአንዱ ወረቀት ጄረማያ፣ በሌላው ዳርቢ፣ በሌላው ጄሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ታዲግ የተባለው ጢሞቴዎስ፣ ኮነር የተባለው ቆርኔሌዎስ ይሆናል። ሆኖራ የተባለችውም ኖራ፣ ሐና ወይም ኖሪ ተብላ ትጻፋለች። ቄሱ ብዙ ጊዜ በላቲን ስለሚጽፉ ጄምስ ያዕቆቡስ፣ ዊልያም ጉልየልሙስ ሆኖ ያገኙታል። በእኛ ዘንድ የክርስትና ስም ሌላ፣ የቤት ስም ሌላ፣ የመጠሪያ ስም ሌላ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በዚህ ሊደነቅ አይገባውም። በቤተሰብ ስሙ ፊት ያለችው «ኦ» የምትለው ፊደልም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መዝገቦች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተትታለች፤ ስለዚህ ስሙን ከእርሷ ጋርም ያለ እርሷም ይፈልጉ።

በአንድ ነገር ግን ዕድለኛ ነዎት። በካቶሊክ የክርስትና መዝገብ ላይ እናት የምትጻፈው በባሏ ስም ሳይሆን እንደ እኛ በአባቷ ቤት ስም ነው። የሆኖራን የአባት ቤት ስም ስለያዙ ከብዙዎቹ ዳንኤሎች መካከል የእርስዎን መለየት ይቻላል። የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ የካቶሊክ አጥቢያ መዝገቦች ማይክሮፊልም ከ2015 ጀምሮ በነፃ በመረብ ላይ ተለቋል፤ ብዙዎቹ እስከ 1880 ገደማ ይደርሳሉ። በተለይ የኮርክና ሮስ ሀገረ ስብከት ከሆነ፣ መንግሥት ባዘጋጀው አይሪሽ ጂኒያሎጂ በተባለው ድረ ገጽ በስም መፈለግም ይቻላል።

አንድ ማሳሰቢያም ልጨምር፦ ክርስትና ከልደት ቀድሞ ተጽፎ ቢያዩ ስሕተት ነው ብለው አይለፉት። በአየርላንድ ሕፃን ክርስትና የሚነሣው በተወለደ በቀናት ውስጥ ነበር፤ እንደ እኛ አርባና ሰማንያ ቀን አይጠበቅም። ልደትን በመንግሥት መዝገብ ለማስመዝገብ የዘገየ ግን መቀጮ ስላለበት፣ ወላጆች የልደቱን ቀን ወደ ፊት ገፋ አድርገው ይናገሩ ነበር። በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲኖር የቄሱን ቀን ይመኑ።


የታሪክ መምህር

ውይይቱን በጉጉት እየተከታተልኩ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ «ማክ» ማለት ልጅ፣ «ኦ» ማለት ደግሞ የልጅ ልጅ ወይም ዘር ማለት ነው። አየርላንዳውያን እንደ እኛ የአባትን ስም እየቀጠሉ መጥተው፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የአንድ አባትን ስም አጽንተው የቤተሰብ ስም አደረጉት። ጥያቄዬ ስለ መሬት ነው። በእኛ አገር ዘር የሚቆጠረው ለጋብቻ ብቻ ሳይሆን ርስት ለመጠየቅም ስለነበር፣ ሐረጉን የማያውቅ ሰው መሬቱን ያጣ ነበር። የአየርላንድ ገበሬ መሬት በመዝገብ ላይ አለ ወይ?


መዝገብ አገላባጭ

መምህር፣ ጥያቄዎ ወደ ዋናው ነጥብ የሚያደርስ ነው። የአየርላንድ ካቶሊክ ገበሬ በአብዛኛው ባለርስት አልነበረም፤ ጭሰኛ ነበር። ስሙ በመዝገብ ላይ የሰፈረው መሬቱ የእርሱ ስለሆነ ሳይሆን ክፍያ ስለሚጠበቅበት ነው። ሁለት ታላላቅ መዝገቦች አሉ። የመጀመሪያው ከ1823 እስከ 1837 የተሰበሰበው የአሥራት መዝገብ ነው፤ ለአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የሚከፈለው አሥራት በየመሬቱ ላይ ሲደለደል የተጻፈ ሲሆን፣ ካቶሊኩም ጭምር የእርሱ ላልሆነች ቤተ ክርስቲያን ይከፍል ነበር። ሁለተኛው በሪቻርድ ግሪፍዝ መሪነት የተካሄደውና ከ1847 እስከ 1864 የታተመው የንብረት ግምት ነው። ለድሆች መጦሪያ የሚሰበሰበውን ግብር ለመወሰን ሲባል መሬት የያዘው ሁሉ በየጎጡ ተመዝግቧል፤ ከማን እንደተከራየ፣ የመሬቱ ስፋት፣ የቤቱና የመሬቱ ዋጋ፣ ሁሉም አለ። ቆጠራዎቹ ጠፍተው ባለበት ሁኔታ፣ ከታላቁ ረሃብ በኋላ ማን እንደቀረ የሚነግረን ይህ ነው። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአየርላንድ ሕዝብ በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ወርዶ ነበር፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሞቷል፣ ሌላው ተሰዷል። በግምቱ መዝገብ ላይ ከጎጆው ስም አጠገብ «ባዶ» የሚል ቃል ሲያዩ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል።

በሁለቱም መዝገቦች ላይ የሚጻፈው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጆች የሉበትም። መሬት አልባ የቀን ሠራተኛም ብዙ ጊዜ አይገኝበትም።


እናት ከዶርቸስተር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ መዝገብ አገላባጭ እንዳሉኝ ጄረማያን ትቼ ሌሎቹን ፈለግሁ፤ ሁለት ወርም ፈጀብኝ።

የ1931 የሐዘን ማስታወቂያቸው ላይ አንዲት እህት እንደተረፈቻቸው ተጽፎ ነበር። ይህች እህት በ1909 ያገባችበትን የመንግሥት መዝገብ አገኘሁ፤ ወላጆቿ ዳንኤልና ሆኖራ ናቸው፣ የሆኖራም የአባት ቤት ስም ይገጥማል። ቀጥሎ ያገባችበትን ደብር መዝገብ አስፈለግሁ። በዚያ ላይ ሙሽሪት ክርስትና የተነሣችበት ቦታ ተጽፏል፦ ስኪበሪን፣ ምዕራብ ኮርክ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ያልተጠራ ስም በአንድ መስመር ላይ ተቀምጦ ሳይ ለረጅም ጊዜ ገጹን መግለጥ አልቻልኩም።

ከዚያ ወደ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ማይክሮፊልም ሄድኩ። በ1879 የእህትየው ክርስትና አለ፤ በኅዳጉ ላይ ደግሞ በሌላ እጅና በሌላ ቀለም በላቲን በ1909 ቦስተን ውስጥ ማግባቷ፣ ከባሏ ስም ጋር፣ ተጽፏል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በአየርላንድ ገጠር የተቀመጠ መዝገብ ቦስተን ውስጥ የተፈጸመን ሠርግ እንዴት ያውቃል?

በዚያው መዝገብ ከ1863 እስከ 1879 የተጠመቁ ሰባት የዳንኤልና የሆኖራ ልጆች አገኘሁ። ጄረማያ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ ሲሆኑ ክርስትና የተነሡት በግንቦት 1865 ነው፤ የመንግሥቱ የልደት መዝገብ ግን ሰኔ 1865 ይላል፣ ልክ የደብሊኑ ወንድማችን እንዳስጠነቀቁት። ለአሜሪካ ቆጣሪዎች ከነገሩት ዓመትም ይቀድማል። የወላጆቹም ጋብቻ በ1862 አለ። ከልጆቹ ስም አጠገብ የጎጧ ስም ተጽፏል። ዛሬም ዘመዶች ሊኖሩባት ስለሚችሉ ስሟን እዚህ አላወጣውም።


የደብሊን ነዋሪ

እንኳን ደስ ያለዎት! የኅዳጉ ጽሑፍ ምክንያት አለው። ከ1908 ፋሲካ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የጳጳሱ ድንጋጌ፣ ጋብቻ ሲፈጸም ክርስትና ወደተነሡበት ደብር እንዲነገርና በክርስትናው መዝገብ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ። ስለዚህ የቦስተኑ ቄስ ለስኪበሪኑ ቄስ ጽፈው አስታወቁ። ማይክሮፊልሙ የተነሣው በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ስለሆነ ኅዳጉም አብሮ ተነሥቷል። እህትየዋ ከ1908 በፊት አግብታ ቢሆን ኖሮ ይህ ፍንጭ አይኖርም ነበር።

ስኪበሪን በረሃቡ ዘመን እጅግ ከተጎዱት ቦታዎች አንዱ ነው። በአቢስትሩሪ መቃብር ስማቸው ያልተጻፈ ከ8,000 እስከ 10,000 የሚገመቱ ሰዎች በጅምላ ተቀብረዋል። እኔም ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ሣር የለበሰ ሜዳ ነው። ዳንኤልና ሆኖራ በዚያ ጊዜ ሕፃናት ስለነበሩ፣ የእርስዎ ልጆች የሚፈልጉት ሐረግ ያለፈው በዚያ መካከል ነው።


ተሳታፊ ከቶሮንቶ

ይቅርታ፣ ከፍለጋው ትንሽ ወጣ ያለ ጥያቄ አለኝ። የባለቤቴ ወገንም አየርላንዳዊ ነው። እነዚህ መዝገቦች ለልጆቻችን የአየርላንድ ዜግነት ያስገኛሉ ወይ?


የደብሊን ነዋሪ

ከአያቶች አንዱ በአየርላንድ ደሴት የተወለደ ከሆነ የልጅ ልጁ በውጭ አገር የተወለዱ ዜጎች መዝገብ ላይ ተመዝግቦ ዜጋ መሆን ይችላል። ከአያት በላይ ግን ወላጁ ልጁ ከመወለዱ አስቀድሞ ተመዝግቦ ካልተገኘ በስተቀር አይተላለፍም። በዚህ ክር ላይ ያለው ቤተሰብ ሰው የተሰደደው በ1886 ስለሆነ ጉዳዩ የዜግነት አይደለም፤ የማወቅ ጉዳይ ነው።


መዝገብ አገላባጭ

እህቴ፣ አሁን ጎጧ በእጅዎ ስለሆነች ወደ 1901 እና 1911 ቆጠራዎች ይሂዱ። ሁለቱም በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ከነቅጻቸው አሉ። የ1911 ቅጽ ያገባች ሴት ስንት ዓመት በትዳር እንደቆየች፣ ስንት ልጆች በሕይወት እንደወለደችና ስንቱ እስከዚያ ዕለት በሕይወት እንዳሉ ይጠይቃል። ሆኖራ ባሏ የሞተባት ሆና ብትገኝ ይህን መሙላት አይጠበቅባትም ነበር፤ ብዙ መበለቶች ግን ሞልተውታል፣ ጸሐፊዎቹም በኋላ በብዕር ሰርዘውታል። ከመሰረዣው ሥር ያለውን ቁጥር አጉልተው ያንብቡት።

ዕድሜዋ በአሥር ዓመት ውስጥ ከአሥር በላይ ዘልሎ ካገኙትም አይደናገጡ። ከጥር 1 ቀን 1909 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላቸው ድሆች የእርጅና ጡረታ መከፈል ጀመረ። ከ1864 በፊት ለተወለደ ካቶሊክ የመንግሥት የልደት ማስረጃ ስላልነበረ፣ አመልካቾች በ1841 ወይም በ1851 ቆጠራ ላይ ስማቸው እንዲፈለግላቸው ይጠይቁ ነበር። ቆጠራዎቹ ተቃጠሉ፤ የፍለጋ ቅጾቹ ግን ብዙዎቹ ተርፈው በዚያው ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ። በቅጹ ላይ አመልካቹ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ በልጅነቱ የኖረበትንም ጎጥ ይጽፋል። ከአመድ የተረፈ ቆጠራ ማለት ይህ ነው፤ እባክዎ ሆኖራን በዚያ ይፈልጉ።


እናት ከዶርቸስተር

አገኘኋቸው። በ1901 ሆኖራ ባሏ የሞተባት፣ 58 ዓመቷ፣ ማንበብና መጻፍ የማትችል፣ አይሪሽኛና እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተብላ ከአንድ ወንድ ልጇ ጋር በዚያችው ጎጥ ተመዝግባለች። በ1911 ደግሞ 72 ዓመቷ ነው። እኔም መጀመሪያ ለጡረታ ስትል የጨመረችው መስሎኝ ነበር። በ1910 የተጻፈውን የፍለጋ ቅጽ ስከፍት ግን በ1851 ቆጠራ ላይ የ12 ዓመት ልጅ ሆና ከአባቷና ከእናቷ ጋር በሌላ አጎራባች ጎጥ መገኘቷን ጸሐፊው አረጋግጧል። እንግዲህ የተሳሳተው የ1901ዱ ነው፤ የ1911ዱ እውነት ነበር። እርሷን በልቤ አጭበርባሪ ብዬ ስለነበር አዘንኩ። በዚህ አንድ ቅጽ የሆኖራ ወላጆች ስም ተገኘ፤ ረሃቡ በከፋበት በ1847 እርሷ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች ማለት ነው።

ከመሰረዣው ሥር የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ይህ ነው፦ የተወለዱ ዘጠኝ፣ በሕይወት ያሉ አምስት። እኔ ያገኘሁት ሰባት ክርስትና ነው። ሁለት ልጆች ይጎድሉኛል።

በግሪፍዝ የንብረት ግምት ላይም በዚያችው የዳንኤል ጎጥ፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ ጄረማያ የሚባል ያው የቤተሰብ ስም ያለው ጭሰኛ አለ፤ ቤትና ጥቂት ኤከር መሬት ይዟል። በአየርላንድ ባህል የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም እንደሚጠራ አንብቤያለሁ። የዳንኤል የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ጄረማያ ስለሆነ፣ የዳንኤል አባት ይህ ጄረማያ ነው ማለት አይደለምን? ልጆቼ እስከ ስድስተኛው መቁጠር ይችላሉ ማለት ነው።


መዝገብ አገላባጭ

ደስታዎን አልቀንስም፤ ነገር ግን ይህን ስም በእርሳስ እንጂ በቀለም እንዳይጽፉት እለምንዎታለሁ። የአሰያየም ልማዱ እውነት ነው፤ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባት አባት፣ ሁለተኛው በእናት አባት፣ የመጀመሪያዋ ሴት በእናት እናት፣ ሁለተኛዋ በአባት እናት ስም ይጠራሉ። ሆኖም ሁሉም ቤት አልጠበቀውም፤ የሞተ ልጅ ስም ለቀጣዩ ሲሰጥም ቅደም ተከተሉ ይዛባል። በዚያ አካባቢ ያው የቤተሰብ ስም በየጎጡ ስለሞላ፣ በአንዲት ጎጥ ውስጥ አጎት የሆነ ጄረማያም ሊኖር ይችላል። ልማድ የት እንደምንፈልግ ያመለክታል እንጂ ምስክር ሆኖ አይቆምም።

ይልቁን የመጀመሪያዋን ሴት ልጅና ሁለተኛውን ወንድ ልጅ ከሆኖራ ወላጆች ስም ጋር ያስተያዩ። የእናትየው ወገን ስሞች በትክክለኛው ቦታ ከተገኙ፣ ይህ ቤት ልማዱን የሚጠብቅ ቤት መሆኑን ያሳያል። ቀጥሎ የሚያስፈልገው መሬቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ማየት ነው።


የታሪክ መምህር

በጋሼ መዝገብ አገላባጭ እስማማለሁ። በርስት ክርክር ሽማግሌዎች ሐረግ ሲያስቆጥሩ «ስሙን ከማን ሰማህ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ወረቀትም ቢሆን ከማን እንደሰማ መጠየቅ አለበት።


የደብሊን ነዋሪ

የመሬቱን ዝውውር የሚያሳይ መዝገብ እዚህ ደብሊን አለ። ከግሪፍዝ ግምት በኋላ መርማሪዎች በየጊዜው እየተመላለሱ ለውጡን ይመዘግቡ ነበር፤ የቀድሞው ያዥ ስም ይሰረዝና የአዲሱ በላዩ ላይ ይጻፋል፣ በኅዳጉም ዓመቱ ይሰፍራል። ለየዓመቱ የተለያየ ቀለም ስለሚጠቀሙ የትኛው ለውጥ መቼ እንደተደረገ ከቀለሙ ይለያል። የእርስዎን ጎጥ ስም በግል ስለላኩልኝ ባለፈው ሐሙስ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩና አየሁት።

ጄረማያ የሚለው ስም በቀይ ቀለም ተሰርዞ በላዩ «ዳንኤል» ተብሎ ተጽፏል፤ ዓመቱ 1869 ነው። የቦታው ቁጥር፣ ስፋቱና ዋጋው አልተለወጠም። ከዚያ በ1890ዎቹ ዳንኤል ተሰርዞ ሆኖራ ገብታለች። ፎቶግራፉን በመልእክት ልኬልዎታለሁ። በዚያው ዙሪያ የሞተ ጄረማያ በሞት መዝገብ ላይ ይፈልጉ። የአየርላንድ የሞት መዝገብ የሟቹን ወላጆች አይጽፍም፤ ሞቱን ያስመዘገበውን ሰው ስም ግን ይጽፋል።


እናት ከዶርቸስተር

ፎቶግራፉ ደርሶኛል። ቀዩን መስመር ልጆቼ በጣታቸው እየተከተሉ አዩት።

በስኪበሪን ምዝገባ አውራጃ በ1868 መጨረሻ የሞተ፣ ዕድሜው 70 የተባለ፣ ሥራው ገበሬ፣ ጎጡም ያችው የሆነ ጄረማያ አለ። ሞቱን ያስመዘገበው ዳንኤል ነው፤ በስሙ ፈንታ የመስቀል ምልክት አድርጓል፣ «በሞቱ ሰዓት የነበረ» ተብሎም ተጽፏል። «ልጅ» የሚል ቃል የለበትም። የልጆቹን ስም እንደተመከርኩት አስተያየሁ፤ ሁለተኛዋ ሴት ልጅ በማን እንደተጠራች ገና አላወቅሁም፣ ምክንያቱም የዳንኤልን እናት ስም የያዘ ወረቀት አላገኘሁም። ሁለተኛው ወንድ ልጅ ግን የሆኖራን አባት ስም ይዟል፤ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅም የሆኖራን እናት። ጋሼ፣ ስሙን አሁንም በእርሳስ ነው የጻፍኩት፤ ከጎኑም 1868፣ 1869 እና «ቀይ ቀለም» ብዬ አስፍሬያለሁ።


መዝገብ አገላባጭ

እኔ ብሆን አሁን በቀለም እጽፈው ነበር፤ ማስረጃው ከየት እንደመጣ ግን ከጎኑ ሳይለይ ይቆይ።


እናት ከዶርቸስተር

ከጎደሉት ሁለት ልጆች አንደኛዋ ትናንት ማታ ተገኘች። በየካቲት 1872 በሞት መዝገብ ላይ «ሴት፣ የሁለት ቀን፣ የገበሬ ልጅ» ተብላ ተጽፋለች፤ ያስመዘገበችው ሆኖራ ራሷ ናት። በክርስትና መዝገቡ ላይ የሌለችው ምናልባት አዋላጇ በቤት አጥምቃት ስለሞተች ይሆናል። ስም አልተሰጣትም። ልጄ ሐረጉን በጻፈችበት ወረቀት ላይ ከስድስቱ ሰዎች ጎን ለዚህች ሕፃን አንዲት ነጥብ አድርጋላታለች፤ ለዘጠነኛው ልጅ ደግሞ ቦታ ትታ ፍለጋውን ከ1864 ጀምሮ ባሉት የሞት መዝገቦች በየዓመቱ እየገለጥን አብረን ቀጥለናል። አሁን 1876 ላይ ነን።